«ኤን» ላይ ማን ጻፈ?

ፈጠራ ነው የሚል ሰው እዚሁ ያቁም። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ሶዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት።

መክብብ እዚያ ተቀምጦ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ ይጽፋል፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን። ያ መጻፍ ከተባለ...

ማውዝ የሚነካን ሰው ይንቃል። እሱ የሚጽፍበት ፕሮግራም በኪቦርድ ብቻ ነው የሚታዘዘው፤ ኮፒ የተደረገውን በየፊደሉ ለይቶ ያስቀምጣል። ሬጅስተር ይሉታል። «ኤ» ላይ ትውልድና እድገት፣ «ቢ» ላይ «እንግዳ ተቀባይና ሩኅሩኅ ነበሩ»። ይለጥፋል፣ ስም ይቀይራል፣ አለቀ። የሶዶ ሟች ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው!

«እኚህ ሰውዬ እኮ እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጉ ነበር» አለው ባልደረባው ኤርካሎ።

«ሟች አይከራከርም» አለ መክብብ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ጠዋት እናቱ ወይዘሮ ሳህሊቱ ከተበላ ከተማ ደውለው ነበር። ከታመሙ ሳምንታቸው ነው።

«ዛሬ ና፣ ልጄ።»

«ቅዳሜ» አላቸው። ሥራ አለበት፣ ጌታው!

«ቢ»ን ሊጠራ ሲል ኪቦርዱ ላይ ጎኗ ያለችውን «ኤን»ን ነካ። ምንም አስቀምጦባት አያውቅም።

ጽሑፍ መጣ...

«ወይዘሮ ሳህሊቱ ስንቅ ተሸክመው ከተበላ ሶዶ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ልጃቸው ጓደኞቹ እንዳያዩአቸው ከትምህርት ቤቱ በር ይመልሳቸው ነበር። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አረፉ።»

ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

አጠፋው። መልሶ ሲጠራው ረዝሞ መጣ።

ሰዓቱን አየ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ።

ደወለ።

«እማዬ... ደህና ነሽ?»

«ቀስ በል...» አሉ በሹክሹክታ። «የላክኸው ሰው እየጻፈ ነው።»

«የምን ሰው?»

«እግሬ ሥር ተቀምጦ ስለ ኑሮዬ ይጠይቀኛል። ደግ ልጅ ነው።»

«ማንንም አልላክሁም!»

«ልጅዎ ይመጣል ወይ አለኝ...»

«እሺ፣ ምን አልሽው?»

«አይመጣም አልኩት።»

እስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። «ልጃቸው አልመጣም።»

ሰው የሆነ ሰው ተነሥቶ ይሮጥ ነበር። ይሄ ጅል ግን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ መስመሩን ሊያጠፋ ተጎነበሰ! ያጠፋል፣ ይመጣል። ያጠፋል፣ ይመጣል...

«መክብብ፣ ተነሥ!» ጮኸ ኤርካሎ። «ሞተር ልጥራልህ!»

«አንዴ... ይሄን ላጥፋ...»

አሥር ሰዓት ሞላ።

የእናቱ ትንፋሽ ከስልኩ ጠፋ። ኮምፒውተር ኖሮበት ከማያውቀው ከዚያ ቤት የሚሰማው የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ነበር... ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል።