የአቶ ኪዳነወልድ ፍሊፐር

አቶ ኪዳነወልድ ሥራቸው ላይ እንዳሉ ነበር የሞቱት። ኢንስፔክተር ይመኙሽ ማክሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከጎንደር ፒያሳ ጀርባ ወዳለው ግቢያቸው ስትደርስ፣ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው አገኘቻቸው። በቀኝ እጃቸው የጥርስ ብሩሽ ይዘዋል። ከፊታቸው የሳሙና ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ከሳህኑ አጠገብ የመዳፍ ስፋት ያላት ስስ ፕላስቲክ ተቀምጣለች። ግማሿ የዓመታት እድፍ እንደለበሰ ነው፤ ግማሿ ጸድቶ ቀይና ቢጫ ቀለሟ ወጥቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» ስትል ጠየቀች።

«የፍሊፐር ዕቃ ነው፤» አለ ሳጅን ነጋ ወደ ጥጉ እያመለከተ። እዚያ በአራት የብረት እግር የቆመ፣ መስታወቱ የተነሣ አሮጌ የመጫወቻ ማሽን ይታያል። «ድሮ ቡና ቤት ውስጥ የብረት ኳስ እየመለሱ ይጫወቱበት የነበረው። ሟቹ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ይህን ሲያድሱ ነው የሚውሉት።»

ይመኙሽ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ የሞተ ሰው አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን ጥቂት ነው። ከንፈራቸውና የጥፍራቸው ሥር ከሕያው ሰው በላይ ቀልቷል። የመታገል ምልክት የለም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጠረጴዛው በላይ የተወጠረ ክር እያዘቀዘቀ ሄዶ በሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ከተመታ ምስማር ላይ ታስሯል፤ የጸዱት ፕላስቲኮች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ተሰቅለውበታል። በበሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «በዚህ ክፍል እሳት ክልክል ነው።» ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ የቤንዚን ጠርሙስ ቆሟል።

የሟቹ ልጅ ሄለን የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ግቢው ውስጥ ቆማ የእናቷን ክንድ ይዛለች።

«መጀመሪያ ያየሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ አስር ሰዓት ላይ ገባሁ። በሩን ስከፍት እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ጮህኩ፣ ጎረቤት መጣ።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር።»

«የነካሽው ነገር አለ?»

«አንገቱን ብቻ። ትርታ እንዳለው ለማየት።»

እናትየዋ ወይዘሮ ይርገዱ ይመኙሽን አተኩረው አዩዋት። «እንግዳ ናት? ምነው አታስቀምጫትም?»

«ድንጋጤ ነው፤» አለች ሄለን ፈጥና፣ እናቷንም ወደ ቤት ይዛቸው ገባች።

ሳጅን ነጋ ተጠርጣሪውን ለማግኘት አልተቸገረም። ጎረቤቶቹ ሁሉ አንድ ነገር ነው የተናገሩት። ፍሊፐሩ የጁስ ቤት ባለቤት የሆነው የኢዮስያስ ነው። በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የቤንዚን ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ነበር፤ «እንዲህማ አልተውዎትም» ብሎ ሲጮህ እስከ መንገድ ድረስ ተሰምቷል። ጠርሙሱ ውስጥ መርዝ ይኖራል ተባለና ኢዮስያስ በዚያው ዕለት ታሰረ።

ይመኙሽ በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ አነጋገረችው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው።

«ምን ነበር ያጣላችሁ?»

«ማሽኑ የአባቴ ነው። ቡና ቤታቸው ውስጥ ነበር። ለጥምቀት ያድርሱልኝ ብዬ ሰጠኋቸው፤ ይኸው ነሐሴ ገባ። ሞተሩ ይሠራል፣ መብራቱ ይሠራል፤ የቀረው ፕላስቲኩን ማጽዳት ብቻ ነው። በቀን አንዲት ብቻ ነው የሚጨርሱት። ‹እኔ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ› አልኳቸው። ‹አትችልም፤ ሥዕሉ በጀርባው ነው የታተመው፤ ፊቱ በቤንዚን ይጠረጋል፣ ጀርባውን ግን ቤንዚን ከነካው ቀለሙ ይሄዳል፤ ሙቀት ካየም ይጣመማል› አሉኝ። ያን ጊዜ ጮህኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

«ስትወጣ መስኮቱ እንዴት ነበር?»

«ክፍት ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ፣ እሳቸው ጋቢ ደርበው ይሠራሉ። ‹አይበርድዎትም?› ስላቸው ‹የቤንዚኑ ሽታ ይውጣ› አሉኝ። ጠርሙሱ ከእጃቸው አጠገብ ነበር።»

እኩለ ቀን ላይ የሐኪሙ መልስ መጣ። ጠርሙሱ ውስጥ ከቤንዚን በቀር ምንም የለም። አቶ ኪዳነወልድን የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው።

«ክፍሉ ውስጥ ግን ከሰል አልነበረም፤» አለ ሳጅን ነጋ።

«አልነበረም።»

«ከሰል በራሱ እግር አይወጣም። አንድ ሰው አስገብቶ፣ ሲሞቱ አውጥቶታል። ኢዮስያስ ተመልሶ መጥቶ ቢሆንስ?»

አለቃቸውም በዚህ ሐሳብ ተስማማ፤ ኢዮስያስ እዚያው ቆየ።

አስከሬኑ በዚያው ዕለት ከሰዓት ተቀበረ። ከቀብር መልስ ይመኙሽ የሟቹን ታናሽ ወንድም አቶ አስናቀውን ድንኳኑ ጥግ ላይ አገኘቻቸው። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ጆንያ ከሰል ይዘው መጥተው ነበር።

«እናንተም ተጣልታችኋል ይባላል፣ አያ አስናቀው።»

«አዎን። ይርገዱን ጠበል ውሰዳት አልሁት። ሸጋ ሴት ነበረች፤ አሁን የልጇ ስም የሚጠፋት ቀን አለ። እሱ ግን ሐኪም ያየውን ጠበል አይመልሰውም ብሎ እምቢ አለ። ምሳ በልተን ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ማን ሸኘዎት?»

«እሱ ነው። ከኋላዬ የግቢውን በር ቆለፈው። ‹ምነው በቀን ትቆልፋለህ?› ብለው ‹ይርገዱ ትወጣብኛለች› አለኝ። ቁልፉ የእሱና የልጂቱ ብቻ ነው።»

ይመኙሽ እጇን ልትታጠብ ማድቤት ገባች። ከበሩ ኋላ የሸክላ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ከአፉ እስከ ግርጌው ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ያለው አመድ ጭቃ ሆኖ ደርቋል። ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

ከዚያ ወደ ጓሮው ክፍል ተመልሳ፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ ያገኘችውን የሟቹን ደብተር ዘረጋች። በእያንዳንዱ መስመር የፕላስቲኩ ቁጥር፣ የሥዕሉ ዓይነት፣ መጣመም አለመጣመሙ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቃል አለ። «ቁጥር 9፣ ባለ ቀይ ቀሚስ ሴት፣ ቀጥ ያለ፣ አወቀች።» «ቁጥር 14፣ ፈረስ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ አወቀች።» ከቁጥር 20 በኋላ ያሉት አስራ አንዱም መስመሮች የሚያበቁት «አላወቀችም» በሚል ነው።

ይመኙሽ የምርመራው መጨረሻ የት እንደሚያደርሳት ያን ጊዜ ታያት። ሐሙስን ሙሉ ሌላ መልስ ስትፈልግ ዋለች። ጎረቤቶቹን ደግማ ጠየቀች፣ የግቢውን አጥር ዞረች፣ አንድ የተነቀለ ቆርቆሮ ብታገኝ ደስ ባላት ነበር። አጥሩ ድፍን ነው።

ዓርብ፣ በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሄለን ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። አቶ አስናቀው በር አጠገብ ናቸው። ኢዮስያስን ሳጅን ነጋ ከጣቢያ ይዞት መጣ፤ ሦስት ቀን ያልተላጨ ጺሙ ፊቱን አጥቁሮታል። ሄለን ቀና ብላ አላየችውም።

«እማዬ ብታርፍ አይሻልም?» አለች ሄለን።

«ብቻቸውን የሚተዉ ከሆነ አይሻልም፤» አለች ይመኙሽ። ከቦርሳዋ አንዲት ፕላስቲክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፕላስቲኳ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልላለች። «ይህቺ ቁጥር ሠላሳ አንድ ናት። ማክሰኞ ጠዋት እንደጸዳች ደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ ‹ቀጥ ያለ› ይላል። በሩ አጠገብ፣ ክሩ ዝቅ የሚልበት ላይ ተሰቅላ ነበር። ከሌሎቹ አንዱም አልተጣመመም። ስለዚህ ከሥሯ እሳት ተቀምጧል። አመዱም ተጣብቆባታል፤ አመድ የሚጣበቀው እርጥብ ነገር ላይ ነው። እሳቱ የገባው ገና ሳትደርቅ፣ በዚያው ቀን ነው።»

«እኔ ስወጣ እሳት አልነበረም፤» አለ ኢዮስያስ።

«አልነበረም። ቤንዚኑ ከእጃቸው አጠገብ ነበር ብለኸኛል። እኛ ግን ያገኘነው ከበር ውጭ፣ ክዳኑ ተጠብቆ ነው። ሊገድላቸው የመጣ ሰው ቤንዚኑን ከእሳት አያርቅም። ያወጡት ራሳቸው አቶ ኪዳነወልድ ናቸው። እሳት ክልክል ነው ብለው የጻፉ ሰው፣ እሳቱን ማስወጣት ሲችሉ ቤንዚኑን አስወጡ። ለምን?»

ይመኙሽ ጣቷን በተጠቀለለችው ፕላስቲክ ላይ አሳረፈች።

«እሳቱን ያመጣውን ሰው እምቢ ማለት ስላልቻሉ ነው። የግቢው በር ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ተቆልፏል። አያ አስናቀው ሲቆለፍ ሰምተዋል። ሄለን ሥራ ላይ እንደነበረች ሆስፒታሉ አረጋግጧል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።»

«ይብቃዎት፤» አለች ሄለን ዝግ ባለ ድምፅ።

«አቶ ኪዳነወልድ በቀን አንዲት ፕላስቲክ ብቻ ይጨርሱ የነበረው ስንፍና ይዟቸው አይደለም። እናትሽ በወጣትነታቸው ይህን ፍሊፐር ያውቁታል፤ አይደለም?»

ሄለን ወደ እናቷ ዞረች። «የተዋወቁት እዚያ ቡና ቤት ነው። እሷ ሥዕሎቹን በሙሉ በቃሏ ታውቃቸው ነበር። አንዷን ባጸዳ ቁጥር ያሳያታል። ስታውቃት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። በኋላ በኋላ አላውቅ አለች። እሱ ግን የቀሩት እንዳያልቁበት ይቆጥብ ነበር።»

ይመኙሽ ራሷን ነቀነቀች። «ማክሰኞ መብራት የለም፤ ብርድ ነው። እናትሽ የመጣውን ከሰል አቀጣጥለው አስገቡላቸው፤ መስኮቱንም ዘጉላቸው። አባትሽ ለምን ወዲያው አልከፈቱትም የሚለውን አላውቅም። የምገምተው፣ እናትሽ እስኪረሱት ሊታገሡ አስበው ነው። በሳሙናው ውኃ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከጋመ ከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ መጀመሪያ እንቅልፍ ነው የሚያመጣው። አስር ሰዓት ላይ አንቺ ገባሽ። መስኮቱን ከፈትሽ፤ ምድጃውን አውጥተሽ ውኃ ቸለስሽበት፤ የጋለ ሸክላ ነውና ተሰነጠቀ። ጎረቤት የጠራሽው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ቀዝቅዞ ነበር፤» አለች ሄለን። «ነርስ ነኝ፤ አውቃለሁ። ምንም ላደርግለት አልችልም ነበር። እሷ ግን በሕይወት አለች። ‹ባሏን ገደለች› ሲሏት ልሰማ ነው? ስለ ኢዮስያስ አላሰብኩም። ሲወስዱት አየሁ። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ እሷን አያለሁ፤ ያቅተኛል።»

አቶ አስናቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ከሰሉን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ይርገዱ ተናገሩ። ድምፃቸው የጠራ ነበር። «በረደው ብዬ ነው። እጁ ውኃው ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ተይው› አለኝ፤ ተቆጣሁት። ከዚያ ‹እሺ፣ ተባረኪ› አለኝ።»

ሄለን የእናቷን እጅ ያዘች። ይመኙሽ ሃያ ዓመት ሙሉ እውነት ሲወጣ አንድ ነገር ይስተካከላል ብላ ስትሠራ ኖራለች። እዚህ ሳሎን ውስጥ የወጣው እውነት አንድ ሰው ከእስር ያስፈታል፤ ከዚያ ውጭ የሚያስተካክለው ነገር አልታያትም።

«እናትሽን ሕግ አይጠይቃቸውም፤» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ግን ማስረጃ አጥፍተሻል፤ ሰው በሐሰት ሲታሰርም ዝም ብለሻል። ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

«እሷንስ ማን ይይዛታል?»

«እኔ አምባ ጊዮርጊስ እወስዳታለሁ፤» አሉ አቶ አስናቀው።

«ቤቷን ካጣች የቀራትንም ታጣለች፣ አጎቴ። ሦስት ቀን አትቆይም።»

ሁሉም ወደ ይመኙሽ ተመለከቱ። ከተማው ውስጥ ወደዚህ ቤት የምትልከው ሰው፣ የምትደውልበት ቢሮ አሰበች፤ አላገኘችም።

«ዛሬን እኔ እቀመጣለሁ፤» አለ ኢዮስያስ።

ሄለን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም፤» አላት። «ነገን አላውቅም።»

ሳጅን ነጋ ሄለንን ይዞ ወጣ። ወይዘሮ ይርገዱ ልጃቸው ስትወጣ በዓይናቸው ተከትለው፣ ቀስ ብለው ወደ ኢዮስያስ ዞሩ። የቅድሙ ጥራት ከፊታቸው ላይ ሄዷል።

«ኪዳኔ ከሥራ አልገባም እንዴ?»

ኢዮስያስ ይመኙሽን አያት። እሷም በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ዝናብ ይዞት ይሆናል፣ እማማ፤» አለ።

«እንግዲያ እንጠብቀው፤» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። ኢዮስያስም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።