ከውጭ የተለጠፈው ፕላስተር

ሚስተር ቺው የሞቱት ሻወሩ እየፈሰሰ ነው። ሬሳቸው ሲወጣ ፊታቸው ቀላ ብሎ ስለነበር ዋንቺንግ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰሏት፤ ቶሎ ዞር አለች።

ሽማግሌው አስጎብኚ ነበሩ። ቱሪስት በአውቶቡስ እየተጫነ የታይላንዷን ቺያንግ ማይን ባጥለቀለቀበት ዘመን የዋንቺንግንና የወንድሟን የጓዶንግን ፔንሲዮን የሞሉላቸው እሳቸው ናቸው። አሁን አውቶቡሱ ቀርቷል። ከቻይናዋ ቼንግዱ የሚመጡት ልጅ ለማስተማር ቤት የሚከራዩ እናቶች ሆነዋል። ሽማግሌው ግን የጓሮዋን ክፍል በነጻ እንደያዙ ቀሩ።

ኢንስፔክተር ራቲካን መታጠቢያ ቤቱን ዞራ አይታ ቤተሰቡንና ተከራይዋን ምግብ ቤት ሰበሰበች።

«ውሃው የሚሞቀው በጋዝ ነው። የጋዙ ጭስ መውጫ ቀዳዳ በፕላስተር ታሽጓል። የገደላቸው እሱ ነው። ትናንት ማን ተጣላቸው?»

«እኔ» አለ ጓዶንግ። «ክፍሉን ለወይዘሮ ሉዎ ላከራይ ነበር። ውጡ አልኩ እንጂ ሙቱ አላልኩም!»

«ጩኸትህ እኮ ልጄን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው» አለች ተከራይዋ ሉዎ።

«መቼ ነው የሚለቁልኝ እያልሽ የነዘነዝሽኝስ?»

ከራቲካን ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ወደ ጓዶንግ ሄደ። ዋንቺንግ እጇን ጠረጴዛ ስር ደበቀች።

«ቆይ» አለችው ራቲካን። «ማሳ በሚቃጠልበት በዚህ ወር ጭሱ እንዳይገባ ሁላችሁም መስኮታችሁን በፕላስተር አሽጋችኋል፤ ግን ከውስጥ። የሳቸው ብቻ ከውጭ ነው። ያሸገው ሰው ሊቀሰቅሳቸው አልፈለገም።»

«ነፍሰ ገዳይማ መቼ ይቀሰቅሳል!» አለች ሉዎ።

«ነፍሰ ገዳይ ሾርባ ይዞ አይመጣም። ከቀዳዳው ስር፣ በውጭ በኩል፣ ክዳን ያለው ሳህን አገኘሁ፤ በስኳር የተቀቀለ የፒር ፍሬ አለበት። እናንተ ቻይናዎች ዘንድ ይሄ ለምንድነው?»

«ለሳል» አለ ጓዶንግ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። ሉዎ ምግብ የምታስመጣው በስልክ ነው፤ እሱ ደግሞ እንቁላል እንኳ መቀቀል አይችልም።

«ሲያስሉ አድረው ጠዋት ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው» አለች ዋንቺንግ። «ጭስ እንዳይገባባቸው ብዬ…»

«ወንድምሽ ሊታሰር ሲል ግን ዝም አልሽ» አለች ራቲካን።

«ዝም አልኩ።»

«ቀዳዳው የምን እንደሆነ አታውቂም ነበር?»

«ለእንግዳ ቁልፍ ሳስረክብ መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው፤ ይቺን እንዳትዘጉ እላለሁ። ለሳቸው ግን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። እንግዳ አልነበሩማ። ነግሬያቸው ቢሆን ለኔም ትዝ ይለኝ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን እንደያዘ ቆሟል። ዋንቺንግ የፕላስተሩ ሙጫ ጥፍሯ ላይ የቀረበትን እጇን ከጠረጴዛው ስር አውጥታ ዘረጋችለት።