የአስራ አንድ ልጆች ክንድ

ዌንደል ፕሩዊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምክትል አሰልጣኝ ነበር። በአሜሪካዋ ካንሳስ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ፣ የተጋጣሚን ጨዋታ በቪዲዮ ደጋግሞ ሲያይ፣ ያኮረፈ ተጫዋች ሲያባብል ጠጉሩ ነጣ። ዋና አሰልጣኞች ሦስቴ ተቀያየሩ። "ቀጣዩ አንተ ነህ" ይሉትና ሌላ ሰው ያመጣሉ። "አንተማ ስትወለድም ምክትል ነህ!" እያሉ ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሆዱ ግን ይስቅ ነበር ወይ? ሆዱን የምታውቀው ሚስቱ ሎሬታ ብቻ ነበረች።

እዚያ አገር ተመራቂ ተጫዋቾች በሜዳቸው የመጨረሻ ጨዋታ ሲያደርጉ፣ ስማቸው ተጠርቶ ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ መሃል ሜዳ ይወጣሉ። አባቱ የሞተበት አለ፤ የታሰረበት አለ፤ መምጣት እየቻለ የቀረ አባትም አለ። ለነዚህ ሁሉ ክንዱን የሚሰጠው ዌንደል ነበር። አስራ አንድ የሰው ልጅ እንዲህ አድርጎ አወጣ!

የገዛ ልጁ ኮሪን ሦስት ሰዓት በሚያስነዳ ሌላ ኮሌጅ ትጫወት ነበር። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ስላለው በአራት ዓመት ያያት ሁለቴ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን ተመራቂ ስለሆነች፣ የመጨረሻ ጨዋታዋ ቅዳሜ ገና ሳይደርስ ፈቃድ ጠይቆ፣ "ሰማይ ምድሩ ቢደበላለቅ እመጣለሁ፣ የኔ እናት" ብሏት ነበር። ሎሬታም ካንሰር ይዟት፣ ጉበቷ ድረስ ገብቶ፣ ያቺን ቀን ብቻ እየጠበቀች ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ የሚወጣው ዋና አሰልጣኝ ትርፍ አንጀቱን አሞት ለቀዶ ጥገና ገባ። ዌንደል ተጠራ። ቅዳሜ ቡድኑን እንዲመራ፣ የኮሌጁ ቦርድ ሰዎችም ለዋናነቱ ቦታ መጥተው እንደሚያዩት ተነገረው። ቤት ሲገባ ሎሬታ ፊቱን አይታ ገባት።

"ምን አልካቸው?"

"እሺ አልኳቸው... ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ሎሪ!"

"አውቃለሁ፤ አብሬህ አይደል የጠበቅሁት? ለልጅቷ ግን ራስህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።"

ደወለ። ኮሪን እስኪጨርስ ሰማችው።

"አስራ አንድ ልጅ አወጣህ፣ አባዬ። አስራ ሁለተኛ መሆን አቃተኝ?" ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ቅዳሜ ዌንደል በአስራ አራት ነጥብ አሸነፈ። ተጫዋቾቹ እየጨፈሩ ውሃ ደፉበት። በዚያው ሰዓት፣ ጎረቤት በመኪና ያደረሰቻት ሎሬታ፣ ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ የልጇን ክንድ ይዛ ሜዳ ወጣች። ትንፋሽ አጥሯት ሁለቴ ቆመች። መሃል ሜዳ ሲደርሱ ኮሪንን ሳብ አድርጋ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ሎሬታ ከሆስፒታል አልወጣችም። አባትና ልጅ ካልጋዋ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይውላሉ። የዋናነቱ ቦታ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ዌንደል የሰማው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ለማን ይናገር? ለማንስ ያልቅስ? በሦስተኛው ሳምንት ሎሬታ አረፈች...

የቀብሩ ቀን አስራ አንዱም መጡ፤ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሬሳ ሳጥኑ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቤተሰብ ከኋላው ተከትሎ በወንበሮቹ መሃል ያልፋል። ዌንደል ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። አንዱ ጠጋ ብሎ፣ "ኮች፣ ዛሬ ተራው የኛ ነው" ብሎ ሊደግፈው ሲል፣ ኮሪን ከኋላ መጣች።

"ተወው፤ እኔ እይዘዋለሁ።"

"ልጄ... ይቅር በይኝ!"

"ይቅርታው ገና ነው፣ አባዬ። ያን ቀን መሃል ሜዳ ላይ እማዬ ናት የለመነችኝ። 'የኔ ቀን ሲደርስ አባትሽ ብቻውን እንዳይሄድ' አለችኝ።"

ክንዷን ሰጠችው። ዕድሜ ልኩን የጠበቀውና ከዕድሜው አብልጦ የሚወደው በአንድ ቅዳሜ የተገናኙበት ሰው ምን ያድርግ? ዕጣው እንዲህ ጨክኖበት ነው ወይስ ራሱ ነው የመረጠው? እኔ አልፈርድበትም። ዌንደል እያለቀሰ ሲሄድ ትንፋሽ አጥሮት ሁለቴ ቆመ። ኮሪንም ሁለቴ ቆማ ጠበቀችው።