የጨው ነስናሹ ዝምታ

ሟቹ የተገኘው ከትልቁ ታንክ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ቁስል የለው፣ ደም የለው። ከራስጌው የሴት ሹራብ ተጣጥፎ ገብቶለታል።

መርማሪዋ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ቁልቁል አየች። ከተራራ ሥር በተቆፈረ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያ ሁሉ ድንጋይ ከራሷ በላይ መሆኑ ደስ አላላትም።

«ለመሆኑ እዚህ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ጨለማ ቁስ እንፈልጋለን፤» አለ የጋዝ ባለሙያው። «ከዋክብትን አያይዞ የሚያኖር፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር። ታንኩ ውስጥ ያለው ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ አርጎን የሚባል ጋዝ ነው። ያ ነገር ከነካው ብልጭ ይላል።»

«ብልጭ አለላችሁ?»

«ከስንት ዓመት በኋላ አንዴ። እውነት ይሁን ጨው ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።» በአገጩ ወደ ሟቹ አመለከተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈላጊ የተመኘውን ካላየሁ ይላል። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ ይመረጥና መረጃው ውስጥ የሐሰት ብልጭታ በስውር ይነሰንሳል፤ ጨው የሚሉት ይህን ነው። ሌሎቹ ስሌታቸውን እስኪያስረክቡ የቱ ሐሰት እንደሆነ አይነገራቸውም። የሐሰቶቹ ዝርዝር የተቆለፈበት የይለፍ ቃልም በጨው ነስናሹ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ የትም አይቀመጥም። ሆድ ከአገር ይሰፋል የተባለው ለሟቹ ነበር። ምስጢሩ ሊከፈት የተቀጠረው ደግሞ ለማግስቱ ነው።

«ምን ገደለው?»

«አርጎን ከአየር ይከብዳል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የታችኛው ቫልቭ ከተከፈተ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ሁለቴ ሲተነፍሱ ይወድቃሉ።»

«ደወል የላችሁም?»

«አለን እንጂ! ሶኬቱ ተነቅሏል።» ሰውየው ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ቫልቩ በእኔ ኃላፊነት ነው። እኔን ነው የሚያስሩት አይደል? ልጆች አሉኝ እኮ!»

«ቆይ እንጂ! ሳትጠየቅ አትናዘዝ። ማን ጠራህ?»

«የአለቃችን የፕሮፌሰሩ ልጅ። ‹ወደቀ!› እያለች ስትጮኽ ሮጥኩ። የጋዝ መለኪያዬን ባወርደው ጉድጓዱ ገና በአርጎን ጢም እንዳለ ነው። መለኪያ መያዝ ልማዴ ባይሆን ኖሮ አብሬው ቀርቼ ነበር! በአየር ጭምብል ወርጄ ባየው ሞቷል። ከዚያ ማራገቢያውን ከፈትኩ።»

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። በሽታ አድቅቋቸዋል።

«ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውብኛል፤» አሉ። «ዕድሜዬን ለዚህች ብልጭታ ነው የጨረስኩት። ነገ ሰምቼ ልሞት ነበር።»

«ሟቹን የተቀየመው ሰው ነበር?»

«ኧረ የለም! ልጄ ግን ለእኔ ስትል ‹ንገረን› እያለች ስትለምነው ከረመች። እሱ እቴ! ዝም አይነቅዝም ብሎ የሚኖር ሰው።»

መረጃውን የምትተነትነው ልጃቸው ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሹራቡ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። ወድቆ ሳየው ወረድኩ። ጠራሁት፣ ጎተትኩት፣ አልሆነልኝም። ሹራቤን ከራሱ ሥር አድርጌ ወጣሁና ጮኽኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም መቆጣጠሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ከሞቱ አሟሟቱ፤» ብላ ጀመረች። «ባለሙያው ሊገድል ቢፈልግ የራሱን ቫልቭ ከፍቶ ‹እሰሩኝ› አይልም። ልጅቷ ጉድጓዱ ወርዳለች፤ ሹራቧም ምስክር ነው። ጎትታው፣ ሹራብ አጣጥፋ በእግሯ ወጣች። ከእሷ በኋላ የሄደው ሰው ግን ያለ ጭምብል መውረድ አልቻለም። ታዲያ እሷ እንዴት ተረፈች?»

«ጭምብል አድርጋ ነዋ፤» አለ ባለሙያው በቀስታ።

«አዎ። ጭምብሉን ግን ከእኔ ደበቀች። አንተም ስትሮጥ ‹ጋዝ አለ› አላለችህም። ደወሉ ተነቅሎ፣ ሽታ በሌለበት፣ ጋዝ መኖሩን ማን ነገራት? ራሱ የከፈተው ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም።»

ልጅቷ ለመካድ አልሞከረችም።

«እውነት ነው በለኝ ብዬ ለመንኩት። ዝም አለኝ! እውነት ቢሆንማ ለሚሞት ሰው ይጨክን ነበር? ጨው ነው አልኩ። ምስጢሩ ሳይከፈት ቢቀር አባዬ እውነት መስሎት ደስ ብሎት ይሞታል ብዬ... ደወሉን ነቅዬ፣ ቫልቩን ከፍቼ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ኬብል ላልቷል ብዬ ላክሁት። ወዲያው ተጸጸትኩ፤ ቫልቩን ዘግቼ፣ ጭምብል አድርጌ ወረድኩ። ግን ከበደኝ። ከበደኝ አባዬ!»

«ዝም አለኝ ትያለሽ?» ባለሙያው ጮኸ። «ለሁላችንም ዝም ይላል እኮ! እውነትም ቢሆን ዝም፣ ጨውም ቢሆን ዝም። ሥራው እኮ ዝም ማለት ነበር!»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«እንደገና መፈለግ አይቻልም?» አለች መርማሪዋ።

«ከአርጎኑ ብዙው ፈሷል። ይቻላል፣ ግን ዓመታት ይፈጃል፤» አሉ ፕሮፌሰሩ። ቀጥለውም ቀና ብለው መርማሪዋን አዩዋት። «ልጄ፣ አንቺ የተደበቀ ታወጫለሽ። ብልጭታው እውነት ነበር?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈች። «አላውቅም አባቴ። የሚያውቀው ሞቷል።»

ፖሊሶቹ ልጅቷን ክንዷን ይዘው ወሰዷት። አባትየው ሊከተሏት ብድግ አሉ፤ ግን በሽታው አላስኬድ ብሏቸው መልሰው ተቀመጡ። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አባዬ፣ የማታውን መድኃኒት ማን ይሰጥሃል?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።