ግሱ አይነካ

ወረቀቱ በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ነበረ። በአራት ታጥፏል።

ደረጃውን በእርጋታ ወረደች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አትሮጥም። ሰባት ወር ሙሉ አቧራ የጠገበ ማኅደር ስታገላብጥ የኖረች፣ ማንም ልብ ብሎ ያላያት ሴት፤ ሽፋኗ ይኸው ነው። የምስጢር ስሟ ጭምት። የላካት የክፍያ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው።

ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ይህ አምስተኛ ስሟ ነው።

በዚህ ድርጅት የዝውውር አዳራሽ ስልሳ ሴቶች ይሠራሉ። በየሱቁ ካርድ በተነካ ቁጥር ክፍያው ከላኪው ወደ ተቀባዩ መድረሱን የሚያረጋግጡት እነርሱ ናቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲቱም የፈረቃ አለቃ አልሆነችም። «የዕድገት ምዘናችን ስም አልባ ነው» ይላል ዋና ሥራ አስኪያጁ፤ «ኮሚቴው ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም።» እውነትም ስሞቹ ሁሉ በጥቁር ቀለም ተሠርዘዋል።

ግሶቹ ግን አልተነኩም። «ተግታለች»። «አሠልጥናለች»። «ታግሣለች»። ኮሚቴው ስም አላየም፤ ስምም አላስፈለገውም።

በእጅጌዋ ያለው ወረቀት ምስክሩ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ በአንድ ወቅት፣ ምዘናው ለሁሉም በአንቱታ «ተግተዋል»፣ «አሠልጥነዋል» ተብሎ ቢጻፍ ወንድና ሴት እንደማይለይ አመልክታ ነበር። መልሱ በኅዳጉ ላይ በሥራ አስኪያጁ እጅ ሰፍሯል፤ ፊርማም አለው።

ስሙ ይሠረዝ፤ ግሱ አይነካ።

ሴቶቹ በዕድገቱ ላይ ያቀረቡት አቤቱታ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት በአቤቱታ ሰሚው ጉባኤ ይታያል። ወረቀቱ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል።

ርክክቡ ለስድስት ሰዓት ተኩል ተቀጥሯል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ። ተቀባዩ የበላይዋ ነው፤ የምስጢር ስሙ መሰላል። በስልክ ድምጿን ሰምቷል እንጂ ፊቷንም የሽፋን ስሟንም አያውቅም። ሕጉ እንዲያ ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከታች ድምፅ ሰማች። የጥበቃ ኃላፊው በስልክ ያወራል።

«አዎ ጌታዬ። ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ እንይዛታለን።»

ቆመች።

ይዛ። ስትወጣ። እንይዛታለን።

በመሥሪያ ቤቷ መዝገብ ጭምት ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ «ጭምት ገባ»፣ «ጭምት ላከ» ተብሎ ይጻፋል። ሴት መሆኗን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይሁዳ በመሳም አሳልፎ ሰጠ። መሰላል በግስ ሸጣት።

የቀደሙ ሊቃውንት የቋንቋን ሕግ «ሰዋስው»፣ በግእዝ መሰላል፣ ብለው መሰየማቸው ትዝ አላት። ለመሳቅ ግን አቅም አልነበራትም።

«ማንኛዋ እንደሆነች አልተነገረንም» አለ ኃላፊው። «ግድ የለም። ሴቶቹን አንድ በአንድ እንፈትሻለን፤ ከፀጉር እስከ ጫማ።»

ወደ ላይ ተመለሰች። አልሮጠችም።

በዝውውር አዳራሹ መስኮት አጠገብ እትዬ ተቀምጠዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ወንበር ላይ። ስድስቱንም የፈረቃ አለቆች ያሠለጠኑት እርሳቸው ናቸው፤ ከ«እትዬ» ያለፈ ማዕረግ ግን አላገኙም። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ አመድ መስለሻል?»

«እትዬ፣ በር ላይ ሴቶችን እየፈተሹ ነው።»

«ምን ጠፋ ብለው?»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ሥር አሳየቻቸው። አንዴ አነበቡ። ደገሙ።

«እኔኮ የጎደለኝ ነገር ያለ መስሎኝ ስንት ሱባኤ ገባሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ የበዛብኝ ‹ለች› ናት!» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺስ ማን ነሽ?»

«አይጠይቁኝ።»

«እሺ። የሚፈትሹት ሴት ብቻ ነው?»

«ሴት ብቻ።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱን በመነጽሩ ማኅደር ውስጥ ከማጽጃው ጨርቅ በታች አነጠፉት፤ መነጽሩን በላዩ አስተኙና ከደኑት።

«አለቃዬ!»

የፈረቃ አለቃው መጣ፤ ፀጉሩ የሳሳ፣ ቦርጩ የቀደመው ሰው። «አቤት እትዬ።»

«ለምሳ ስትወጣ ይህን ማዶ መነጽር ቤት ጣልልኝ። እጀታው ላልቷል። እኛን በር ላይ ሊያሰልፉን ነው አሉ።»

«ጭራሽ መነጽር ተሸካሚ ልሁን?»

«የኮምፒውተሩን ቁልፍ መንካት ያስተማርኩህ ማን ነበር?»

«እሱን ሳይጠሩብኝ ቢውሉ ምን ነበረበት» እያለ ተቀበላቸው።

ሁለቱ ሴቶች በመስኮቱ ተመለከቱ። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ቆሟል። ቦርሳ ይገለበጣል። ጫማ ይወልቃል። አለቃው በሰልፉ ጎን መጣ።

የጥበቃ ኃላፊው እጁን ዘረጋ።

«ይለፉ ጌታዬ።»

አለፈ።

እርሷም ወረደች፤ ተፈተሸች፤ ምንም አልተገኘባትም። በፎቶ ኮፒ ቤቱ አንድ ሰው ሰዓቱን ያያል። ፊቷን ሳታዞር አለፈችው። መነጽር ቤት ገብታ «የእትዬን» አለች፤ እትዬ አስቀድመው ደውለው ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ወረቀቱን በመሰላል በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለአቤቱታ ሰሚው ጉባኤ ሰብሳቢ አደረሰች።

በማግሥቱ የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ።

«ሰነዱ ተሰርቋል። ያወጣው ይታወቅ! ካልታወቀ ወረቀቱ ውድቅ ይደረግ።»

ጭምት ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አፏን ብትከፍት በየድርጅቱ በሽፋን የተቀመጡ ሰባት ባልደረቦቿ ይጋለጣሉ። መሐላ አለባት።

ከወንበሯ አልተነሣችም።

እትዬ ተነሡ። ያለ መነጽር ዓይናቸው ትንሽ ይጠባል።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሙሉ ስሜን ጻፉ፤ እንዳትሠርዙት።»

የዚያኑ ቀን ከሥራ ተባረሩ። ሃያ ሁለቱ ዓመት በአንድ ደብዳቤ ታጠፈ።

ወረቀቱ ጸና። ሥራ አስኪያጁ ከሥልጣኑ ተነሣ። ምዘናው በአንቱታ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በሦስት ወር ውስጥ ከስድስቱ አዲስ የፈረቃ አለቆች አራቱ ሴቶች ሆኑ። መሰላል «በጤና ምክንያት» ከሙሉ ጡረታው ጋር ተሸኘ። ጭምት እትዬ እንዲመለሱ ለመሥሪያ ቤቷ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ሦስቱም ጊዜ «ጉዳዩ አይመለከትህም» ተባለች።

አሁን ሌላ ከተማ ናት። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ስድስተኛ ስም። አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ወደ አንድ ሱቅ ገብታ ስልክ ለመነች። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

«ሃሎ?» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ሻክሯል።

ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች። ይቅር ይበሉኝ ልትል ነበር።

«ማን ልበል?»

ስድስቱንም ስሞች አሰበች። እትዬ የሚያውቁት አንዱን ነው፤ እርሱም የእርሷ አልነበረም።

«ማን ልበል ልጄ?»

ስልኩን መለሰች። ባለ ሱቁን አመሰገነች። አውቶቡሱ መጥቶ ነበር፤ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተሰልፋ ገባች።