ለእኔ ብቻ የተጻፈ መልስ

ከኦጎላ ጋር የተዋወቅነው በማራገቢያ ጠብ ነው። በሐይቅ ዳሯ ከተማ በኪሱሙ፣ ከአንድ ባንክ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር ይዘን የምንሰራበት የጋራ አዳራሽ ነበር። የሐይቁ ሙቀት ሁላችንንም ሲያልበን እሱ ሹራብ ለብሶ ይገባና ከራሱ በላይ ያለውን ማራገቢያ ያጠፋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ከበረዶ አገር ነው የመጣኸው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ከሆማ ቤይ ነኝ፣ ከዚሁ ሐይቅ ዳር። ብርድ ከነካኝ ግን አልጋ ነው የሚይዘኝ። ከፈለግሽ አብሪው፤ ሆስፒታል መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ።»

አላበራሁትም። ወንበሬን ይዤ ወደ እሱ ጠረጴዛ ሄድኩ።

ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚጎብጥበት በሽታ ይዞ ነው የተወለደው። ታናሽ ወንድሜን የወሰደብን ያው በሽታ ነው። ወንድሜን ከቀበርን በኋላ እናቴ ሮዳ የታማሚ ልጆች ወላጆችን ማኅበር አቋቋመች። እኔም ደም ሲያስፈልግ ለጋሾችን የሚጠራ የስልክ መተግበሪያ ልሰራላቸው ቃል ገባሁ። ስልኩ ላይ የሚታየውን መሥራት እችላለሁ፤ ከጀርባው ያለው ግን አስጨንቆኝ ነበር።

«ቀን ከሌት የሚሠራ ሰርቨር የምንከራይበት አቅም የለንም» አልኩት።

«ሰርቨር ምን ያደርግልሻል? ፈንክሽን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ጽፈን ክላውድ ላይ፣ በሰው ኮምፒውተር፣ እናስቀምጣለን። ስልክሽ ካልጠራቸው ተኝተው ይውላሉ። ሲጠራቸው ይነቃሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ መልስ ይሰጡሻል፣ ተመልሰው ይተኛሉ።»

«እንደ አጎቴ ናቸው በለኛ። ካልጠሩት አይነሳም።»

«አጎትሽ ግን ሲነሳ ይበላል።»

እሱ ፈንክሽኖቹን ጻፈ፣ እኔ ከስልኩ የሚጠራቸውን ሠራሁ። ዋናው ፈንክሽን የደም ዓይነቱንና የሆስፒታሉን ስም ተቀብሎ በአካባቢው ላሉ ለጋሾች መልእክት ይልካል፤ ለጠሪውም «ጥሪው ተልኳል» ብሎ ይመልሳል። ማን እንደጠራው ያውቃል፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መለያ ስለሚገባ። ኦጎላ ይህችን ተጠቀመባት። ለእኔ የሚመጣው መልስ ከሌላው ሰው የተለየ ሆነ።

«ጥሪው ተልኳል። ምሳ በልተሻል?»

በማግስቱ፦ «ጥሪው ተልኳል። ትናንት ስትስቂ የምጽፈው ጠፋብኝ።»

መልሱ የሚጻፈው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ እኔ ስልኩ ላይ ምንም ሳልነካ በየቀኑ ይለዋወጣል። ለጋሾቹ ገና ስላልተመዘገቡ የሚረበሽ ሰው የለም። ያለ ሥራ የመጥሪያውን ቁልፍ መጫን አበዛሁ። እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን በአፋችን አላወራንም።

መተግበሪያውን ለማኅበሩ ባሳየንበት ቀን እናቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኦጎላ ተነስቶ እሱም ታማሚ እንደሆነ ነገራቸው። እናቴ የማኅበሩን ልጆች ሁሉ እንደምታደርገው ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ትኩሳት የለህም፣ የኔ ልጅ። ተባረክ።»

የስልኬ ገጽ ግድግዳው ላይ ይታያል። ቁልፉን ተጫንኩ። ፈንክሽኑ ለሰዓታት ስላልተጠራ ለመንቃት ዘገየ፤ ጠብቁ የምትለው ክብ ግድግዳው ላይ ትዞራለች፤ እናቶቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ኦጎላ ድንገት ብድግ ሲል ገባኝ። መልሱን መቀየር ረስቷል።

«ጥሪው ተልኳል። አኬዮ፣ አግቢኝ።»

«ሮዳ፣ ይሄም ደም ፍለጋ ነው?» ብላ አንዷ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ቤት ስንገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች። «አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ አኬዮ። አንቺም የበሽታውን ግማሽ ተሸክመሻል፤ ባይታይብሽም። ባልሽን ትቀብሪያለሽ፣ ልጆችሽን ትቀብሪያለሽ። እኔ ቆሜ ልይ?»

«ግንባሩን ዳሰስሽው እኮ፣ እማ። ወደድሽው።»

«እንደ ልጅ ነው የዳሰስኩት። ልጄ ይሁን። አማቼ አይሆንም።»

ኦጎላ የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ፤ እናቴ ከጓዳ አልወጣችም። ደግመው መጡ፤ አልወጣችም። እኔ እንጥፋ አልኩት።

«ሰርቄ አልወስድሽም» አለኝ ኦጎላ። «እኔ ስሞት እንደ ሚስት ራስጌዬ የምትቀመጪበት ቦታ ይኑርሽ። ሳትዳሪ ከመጣሽ ዘመዶቼ ‹ይቺ የማን ናት?› ይላሉ።»

ለእኔ ብቻ የሚመጣውንም መልስ አጠፋው። እናቴ እሺ እስክትል ድረስ ነውር ነው ብሎ።

ዝናቡ በጠና ጊዜ ታመመ። ሐኪሙ ደም ፈልጉ አለ። ለጋሾቹ በዚህ ጊዜ ተመዝግበው ነበር። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። «ጥሪው ተልኳል።» ሌላ ምንም የለውም።

አንድ የሞተር ሳይክል ሹፌር መጣ። ዓሣ የምትሸጥ ሴት ከነሽርጧ መጣች። ከእሷ ቀጥሎ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ከደም መስጫው ክፍል የወጣችው እናቴ ነበረች። መልእክቱ የታማሚ ስም አይጽፍም።

«ለማን እንደሆነ አውቀሽ ነው?» አልኳት።

«አሁን አንቺን ሳይ ነው ያወቅሁት።» ጥጡን ጫን ጫን አደረገችው። «ባውቅም እሰጥ ነበር። የት ነው የተኛው?»

ክፍሉ ስንደርስ ኦጎላ ዓይኑን ገለጠ። መዳፏን ጠብቆ ግንባሩን ቀና አደረገ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ይግቡ እማማ፣ ወንበር አለ» አለቻት ነርሷ።

«አልገባም፣ ልጄ። አማቼ ነው።»

በእኛ ዘንድ እናት የልጇን ባል አትነካም፤ ወደ ተኛበትም አትጠጋም። ኦጎላ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እናትሽ ራቀችኝ» አለ፤ ሳቀም። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ሄዱ፤ እናቴም ወጥታ ተቀበለቻቸው። ኦጎላ ከአልጋው አልተነሳም። ዝናቡ ሳያባራ ሞተ።

ሆማ ቤይ፣ በአባቱ ግቢ፣ ራስጌው ላይ ተቀመጥኩ። የማን ናት ያለ የለም። እናቴ ከአጥሩ በር አጠገብ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆማ ነበር። የሬሳ ሳጥኑን ሊያነሱ ሲመጡ ጮህኩ። እጇን ዘርግታ ወደ እኔ ስትሮጥ አየኋት። መሀል ግቢው ላይ ስትደርስ ግን እኔ ያለሁበት እሱም ያለበት መሆኑን አስታውሳ ቆመች።