ከኒንግቦ የሚደወለው ስልክ

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ቁልፏን ማግኔት ነጠቃት።

አሜሪካ፣ ፍሪሞንት ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሞተር የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። የተገጣጠመውን ሞተር ፈትሼ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ምሥጢር ደግሞ ላይ ቢሮ አዲስ የተቀጠረች የዕቃ ግዢ ሠራተኛ ነበረች። ሥራውን ልታይ ወርዳ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ስትል፣ ቁልፏ ከእጇ ተፈናጥሮ እዚያ ያስቀመጥኩት የሞተር ማግኔት ላይ ጧ አለ።

«ኦ ማይ ጋድ! ሶሪ! ሶሪ!»

«አይዞሽ፣ አይናከስም» አልኳት፣ ሳላስበው በአማርኛ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሐበሻ ነህ እንዴ?»

ቁልፉን በእንጨት ለማላቀቅ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ... በአንድ ደቂቃ ማላቀቅ እችል ነበር።

እሷ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ነበር የምትኖረው። እኔ ሳን ሆዜ። ሦስት ወር ሳይሞላን ቅዳሜና እሑዳችን አንድ ሆነ። በስምንተኛው ወር ተደብቄ ቀለበት ማየት ጀመርኩ።

ግን አንድ አመል ነበረብኝ። እቀናለሁ። አፕታውን የሚባለው ሰፈር እራት ስንበላ አስተናጋጁ ከእሷ ጋር ትንሽ ከሳቀ ምግቡ አፌ ውስጥ አፈር ይሆንብኛል። አልናገርም፤ እዘጋለሁ። ዝምታዬ ደግሞ ከስድብ ይብስ ነበር።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ አሜሪካና ቻይና በንግድ ተያያዙ። አሜሪካ ቀረጥ ስትቆልል፣ ቻይና ደግሞ «ሬር ኧርዝ» የሚባሉት ማዕድናት ያሉበት ማግኔት ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አይወጣም አለች። የእኛ ሞተር ያለዚያ ማግኔት ተራ ብረት ነው። መጋዘናችን ውስጥ የቀረው ደግሞ ለአምስት ሳምንት ብቻ ነበር።

ምሥጢር ከሳች። ሁልጊዜ ከሥራ ወጥተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እዚያ ቻይና ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ስልኳ ይጮኻል። ተነስታ ራቅ ትላለች። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ስንሄድ እንዲሁ ራቅ አለችና... ሳቀች። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ «እሺ ተክልዬ፣ ነገ እልክልሃለሁ» ስትል ሰማሁ።

ተክልዬ!

«ማነው?» አልኳት ስትመለስ።

«የሥራ ነው።»

«በአማርኛ?»

«ተክለጻድቅ ይባላል። ቻይና ተምሮ እዚያው ቀረ። ማግኔት የሚልክልን ካምፓኒ ኤክስፖርት ክፍል ውስጥ ነው፣ ኒንግቦ ከተማ። ፈቃዱን የሚያስጨርስልን እሱ ነው።»

«ታውቂዋለሽ?»

ትንሽ ዘገየች። «በሥራ።»

ያቺን ትንሽ መዘግየት ይዤ ሳን ሆዜ ድረስ ነዳሁ።

በማግስቱ አጠገቤ የምትሠራው ኢክራም ነገሩን ሳታውቅ አፈረጠችው። ኢክራምና ምሥጢር አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ። «ተክለጻድቅ ነው የሚረዳችሁ አሉ! ደግ ልጅ ነው እኮ። ሊያገባት ነበር...» አለችና ፊቴን አይታ አፏን ያዘች። «አልነገረችህም እንዴ?»

ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ያለውን ሞተር አላየሁትም። የማየው የሁለቱን ሳቅ ነበር።

ማክሰኞ ከምሥጢር ኢሜይል መጣ። ለፈቃዱ ማመልከቻ የእኔ የፍተሻ ሪፖርት ተፈልጓል። ሞተሩ ለዊልቸር እንጂ ለጦር መሣሪያ እንዳልሆነ በፎቶ አሳይቼ መፈረም አለብኝ። «እባክህ እስከ ሐሙስ። ከዚያ በኋላ ቻይና የሠራተኞች ቀን በዓል ነው፣ ሁሉም ይዘጋል።»

ሪፖርቱን በሁለት ሰዓት ጨረስኩት። ግን አልላክሁትም።

ረቡዕ ጠየቀችኝ። «መፈተሻ ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኳት። ዋሸሁ። ሐሙስም ጠየቀችኝ። «ነገ» አልኳት። ያ ሰው ለአንድ ጊዜ እንኳ «አልቻልኩም» ሲላት ልሰማ ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓርብ ስልከው እዚያ በሩ ተዘግቷል። ከበዓል በኋላ የእኛ ማመልከቻ ከመቶዎች ኋላ ተሰለፈ። ማግኔቱ አለቀ። አሥራ ስምንት ሰው ሌይኦፍ ተብሎ ከሥራ ተቀነሰ፤ አንዷ ኢክራም ነበረች። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ምሥጢር ላይ ጮኸባት። እኔ ከኋላ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችኝ። «ቀድሜ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። «ማሽኑ አልተበላሸም ነበር» አልኳት። «ሪፖርቱ ማክሰኞ አልቋል። በእሱ... በተክለጻድቅ ቀንቼ ነው።»

እንባዋ ቀጥ አለ።

«ኢክራም እኮ ብቻዋን ነው ቤት የምትከፍለው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ? ከአራት ዓመት በፊት ቻይና ነይ ብሎኝ እንቢ አልኩ፤ አለቀ። የሚነገር እንኳ አልነበረም። ግን ያንን ፊትህን ፈራሁት፣ ናዖድ። የምወደውን ሰው መፍራት ደከመኝ።» ሞተሩን አስነሳች። «አትደውልልኝ።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። በሰው ፊት እንደጮኸባት፣ በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቃት ለመንኩት። ጠየቃት። እኔን ደግሞ የመግቢያ ባጄን ተቀብሎ አሰናበተኝ።

ኢክራም ጋ ሄድኩ። ሁለት ቀን በር አልከፈተችልኝም። በሦስተኛው ቀን «ይቅርታህ ኪራይ አይከፍልም» አለችኝ። «ሳን ሆዜ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። መኪና የለኝም። ጠዋት ጠዋት ታደርሰኛለህ።»

አደረስኳት። አሥር ሳምንት ሙሉ። መጀመሪያ ሰላም ሳትለኝ ነበር የምትገባው፤ በኋላ ማውራት ጀመረች። እኔም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ጥገና ሥራ አገኘሁ።

ጁን ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«ናዖድ? ተክለጻድቅ ነኝ።»

ድምፁ እንኳ ያምር ነበር!

«እዚህ ፈቃድ ሰጪዎቹ ስለ ሪፖርትህ ጥያቄ አላቸው። የፈረምከው አንተ ስለሆንክ ካንተ መልስ ይፈልጋሉ። ከሥራ መውጣትህን አውቃለሁ። ግዴታ የለብህም።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ያንን ሰው እየጠላሁ እያንዳንዱን ጥያቄ በጥንቃቄ መለስኩለት። የሞተሩን ጉልበት፣ የማግኔቱን ክብደት፣ ዊልቸሩ የት የት እንደሚሸጥ። ስንጨርስ ሊሰናበተኝ ሲል አቋረጥኩት።

«አንድ ነገር ልንገርህ?» አልኩት። «አሁንም እቀናብሃለሁ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «እኔ የምልክላት ማግኔት ነው፣ ወንድሜ። አንተ ያለኸው እሷ ያለችበት አገር ነው። ማን በማን ይቅና?»

ጁላይ ላይ ፈቃዱ መጣ። ሠራተኞቹ ተጠሩ፤ ኢክራምም ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ምሥጢር ደወለች።

«ነገ ፍሪሞንት፣ የባርት ባቡር ጣቢያ ጠብቀኝ።»

ስትመጣ ከሩቅ አይቻት ወደ እሷ ሄድኩ።

«ኢክራም በየቀኑ ስላንተ ታወራኛለች» አለች። «ተክለጻድቅም ነገረኝ። ቀናሁብህ ብለኸዋል አሉ።»

«አዎ።»

«እሱን ከነገርከው ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ... ትንሽ ሰው እንዳልመስልሽ።»

«ቅና! አትቅና አላልኩህም። ግን አፍህን ከፍተህ ንገረኝ። ተዘግተህ አትቅጣኝ፣ በሰው እንጀራም አትምጣ። ይህን ትችላለህ?»

«እሞክራለሁ።»

«እሞክራለሁ አይደለም!»

«እችላለሁ፣ ምሥጢር። ናፍቀሽኛል።»

ግንባሯን ደረቴ ላይ አስደገፈች። «እኔም» አለች፣ ቀስ ብላ። «በጣም ተናድጄብህ... በጣም ናፍቀኸኛል።»

ኖቬምበር ላይ ኦክላንድ ተጋባን። ተክለጻድቅ ያን ሰሞን ለኤግዚቢሽን ሳን ሆዜ መጥቶ ስለነበር ራሴ ደውዬ ጠራሁት። እውነትም መልከ መልካም ሆኖ አረፈው! ሙሽራዬን ለጭፈራ ሲያስነሳት፣ አንገቷን ሰብቃ ስትስቅ፣ ያ የድሮው አፈር አፌ ውስጥ መጣ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ላቧን እየጠረገች አጠገቤ ተቀመጠች። ጆሮዋ ሥር ጠጋ አልኩ።

«ቀናሁ» አልኳት።

«ጎበዝ!» አለችና እጄን ይዛ ወደ ጭፈራው ጎተተችኝ።